ማንም የማያውቃቸው የፓንክና የኢንዲ ቅጂዎች፦ እናንተ ዘንድ ምን አለ?

የማታ ፈረቃ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ አንድ ነው። በትንሽ ቁጥር የታተመ፣ ሬዲዮ የማያጫውተው፣ እናንተ ግን ለሰው ሳታሰሙ ማደር የማትችሉት የፓንክ (ፈጣኑ፣ ጯሂው ሮክ) ወይም የኢንዲ (ያለ ትልቅ አሳታሚ የወጣ) ቅጂ አላችሁ? ካላችሁ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትሄዱ። እንዴት እጃችሁ እንደገባ፣ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚነዝራችሁ ንገሩኝ።

የእኔን ላስቀድም። ዲሲ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ማታ ማታ እሠራ ነበር። አንድ ደንበኛ ነበረን፣ ጠጉሩ የሸበተ አሜሪካዊ። አሮጌ ቮልቮ ይነዳል፤ ካሴት ማጫወቻው አሁንም ይሠራል። አንድ ማታ መኪናውን ላቆምለት ስገባ ዳሽቦርዱ ላይ ካሴት አየሁ። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የኛው ቀለም! የካፒቶልን፣ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንጻ፣ ጉልላት መብረቅ ሲመታው ይታያል። የሀገሬ ሰው ዘፈን መስሎኝ ቁልፉን ስመልስለት ጠየቅኩት። ፈገግ አለና «አይደለም፣ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው» አለኝ። በሳምንቱ ይዞልኝ መጣ። «ውሰደው፣ እኔ ሌላ አለኝ።»

ባድ ብሬይንስ ነበሩ። አራት ጥቁር የዲሲ ልጆች። መጀመሪያ የሚጫወቱት ጃዝ ፊውዥን፣ ከሮክ ጋር የተቀላቀለ ጃዝ፣ ነበር። በኋላ ፓንክ ሰሙና የጃዝ ችሎታቸውን እንዳለ ይዘው ገቡበት። ለዚህ ነው እንደዚያ ሲከንፉ እንኳ አንዲት ኖታ የማትዘባረቅባቸው። ራስተፈሪያን ናቸው፤ ቀለሙ የመጣው በዚያ በኩል ነው። ካሴቱ የወጣው በ1982 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሮር የሚባል የኒውዮርክ አሳታሚ መጀመሪያ ያወጣው በካሴት ብቻ ነው፣ ያለ ሸክላ።

እኔ ያደግኩበት ቤት ሙዚቃ ማለት ካሴት ነበር። የፈረንጅ ፓንክ በካሴት ብቻ ወጣ ሲባል የጎረቤት ወሬ የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከቁጠባ ሱቅ አንድ ያገለገለ ቴፕ ገዛሁና አስገባሁት። ድምፁ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ነው። ከበሮው ግድግዳ መትቶ የሚመለስ ይመስላል። አንዱ ዘፈን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ሌላው ይተካል። ከዚያ በድንገት ሬጌ ይገባል። ቀስ ያለ፣ ባሱ መሬት የሚነካ። ያን ጊዜ ነው ለካ ልቤ ስትሮጥ እንደነበር የማውቀው።

በሦስተኛው ቀን ቴፑ ክሩን በላው። «ባንድ ኢን ዲሲ» የሚለው ዘፈን ላይ ነበር፤ የከተማው ክለቦች በራቸውን ስለዘጉባቸው የዘፈኑት ማለት ነው። ድምፁ ጎርነን አለ፣ ከዚያ ዝም። ክዳኑን ስከፍት ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። ቀስ ብዬ ፈታሁት። አንድ ቦታ ላይ ግን ተጨማዶ እንደ አኮርዲዮን ሆኗል። በመቀስ ቆረጥኩት፤ የጥፍር ያህል ስኮች ከጀርባው ለጠፍኩና ሁለቱን ጫፍ አገናኘሁ። በቢክ እስክሪብቶ ጠመዘዝኩት፣ ልክ እናቴ የመዝሙር ካሴቷን እንደምታደርገው። ሠራ። አሁን እዚያች ቦታ ላይ ዘፈኑ ይዘላል። ንጹሑን ቅጂ ስልኬ ላይ ስሰማ እንኳ ጆሮዬ ዝላዩን ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ የዚህን ከተማ ልጆች ሥራ ማሳደድ ጀመርኩ። ዲስኮርድ የሚባለው አሳታሚ በ1980 ሲጀመር ባለቤቶቹ ገና ልጆች ነበሩ። ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ ነበራቸው፤ ባንዱ ሲፈርስ ከትርዒት ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ ቀረ። ለመከፋፈል አልፈለጉም። ስምንት ዘፈን ያለው ትንሽ ሸክላ አሳተሙበት፣ 1000 ቅጂ። ሽፋኑን እንዴት እንደሚሠሩት አያውቁም። የሌላ ሸክላ ሽፋን በታተኑ፣ ቅርጹን ገለበጡ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በመቀስና በሙጫ በእጃቸው አጣጠፉ። አንዱን አንድ ሰው ጋ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ጠርዙ ላይ የደረቀ የሙጫ እድፍ አለ። ያቺን እድፍ በአውራ ጣቴ ስዳብሳት የተሰማኝን ደስታ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል።

እዚሁ የኛ ሰፈር አጠገብ፣ አርሊንግተን ውስጥ ነው ሸክላዎቹ የሚዘጋጁት። ስንቶቻችን ነን በዚያ መንገድ ስንመላለስ የኖርነው?

በሉ፣ የእናንተን አውጡ።

ካናል ዳር (አምስተርዳም)

ወንድሜ፣ ያችን የቆረጥካትን ክር አደራ እንዳትጥላት።

እኔ የማመጣልህ ዘ ኤክስን ነው። በ1979 ሆላንድ ውስጥ የተመሠረቱ ፓንኮች ናቸው፣ ባዶ ቤት እየያዙ ይኖሩ ከነበሩት ወጣቶች መሃል የወጡ። ሸክላቸውን ራሳቸው ነው የሚያወጡት። በ1986 ስለ ስፔን አብዮት የሠሩት አንድ ሥራ አለ፦ ሁለት ትናንሽ ሸክላ፣ ከ144 ገጽ የፎቶ መጽሐፍ ጋር። እኔ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ አገኘሁት። መጽሐፉን እያገላበጥኩ ሸክላውን ማጫወት ረስቼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ግን ዋናው ነገሬ እሱ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በ2002 ኢትዮጵያ ሄደው ከተማ ለከተማ እየዞሩ ተጫውተዋል። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ደግሞ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን እዚህ አምስተርዳም ጋበዙት። አዎ፣ ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው። ከሰማቸው በኋላ ቀጣዩን ሥራውን ከእነሱ ጋር መሥራት እንደሚፈልግ የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሰባ ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው ሰው! በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ። ዋልያስ በ1977 የተጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ አለ። ጊታሮቹ ሶሎ አይጫወቱም። አንድ ምት ይይዙና ይወቅጡታል፣ ይወቅጡታል። በላዩ ላይ ሳክስፎኑ እየተንቀጠቀጠ ይገባል።

በመድረክም አይቻቸዋለሁ። ጋሽ ጌታቸው ጎፈሩን አድርጎ ወጣ። ከጎኔ ጠጉሩን ያቆመ ወጣት ነበረ፣ ጃኬቱ በመርፌ ቁልፍ የተሞላ። በመሃል ጎንበስ ብሎ «ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳክስፎን እኮ ነው፣ ቃል የለውም! ግን ልጁ በትክክል ሰምቷል። «ማን እንደሆነ እየተናገረ ነው» አልኩት። ፉከራን በሆላንድኛ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ ልጨምር። የባንዱ ጊታሪስት ቴሪ፣ ቴርፕ የሚባል የራሱ ትንሽ አሳታሚ አለው። በ2004 የፀሐይቱ ባራኺን «ሰላም» በሁለት ሲዲ አወጣ። ፀሐይቱ ኤርትራዊት የክራር ንግሥት ነበረች፣ ያኔ እዚሁ ሆላንድ ትኖር ነበር። ፓንክ አይደለም። ግን ያወጣው ፓንክ ነው። ምሽት ላይ ብቻችሁን ስሙት።

የአራት ኪሎው

የማታ ፈረቃ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። የሙጫዋን እድፍ በተለይ።

እኔ የፓንክ ሰው አይደለሁም። ግን ኢንዲ ማለት በራስ ገንዘብ፣ በራስ ድፍረት ማውጣት ከሆነ ሸክላ አሳታሚውን አምሃ እሸቴን ሳላነሳ አላልፍም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። በፈረንጆቹ 1969 የአለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ሕንድ ልኮ አሳተመው። አዋጁን አልጠበቀም። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላና አሥራ ሁለት አልበም አውጥቷል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ እሱም ወደናንተው ዋሽንግተን ተሰደደ።

አጎቴ ጋ ከሸክላዎቹ አንዱ አለ። ከንፈሩ ተሸርፏል፤ መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ከዚያ ትራምፔቱ ሲገባ ቤቱ ይለወጣል። አጎቴ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። እኔም ከዚህ በኋላ አልከራከረውም።

ዲትሮይት ነበርኩ (አትላንታ)

ለጥቁር ፓንክ ፍቅር ካለህ ዴዝ የሚባሉትን ስማ። ሦስት ወንድማማቾች፣ የሃክኒ ልጆች፣ ዲትሮይት። በ1975 ስቱዲዮ ገብተው ሰባት ዘፈን ቀዱ፤ ከ«ባድ ብሬይንስ» ሁሉ በፊት ማለት ነው። አንድ ትልቅ አሳታሚ ስማቸውን እንዲቀይሩ ጠየቃቸው። ዴዝ ሞት ማለት ነው፣ ማን ይገዛዋል? ታላቁ ወንድም ዴቪድ እምቢ አለ። ውሉ ቀረ። በ1976 በራሳቸው 500 ትናንሽ ሸክላ አሳተሙ፣ ከዚያ ተረሱ።

ዴቪድ በ2000 በካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት የቀረጻውን ማስተር፣ ዋናውን ክር፣ ለወንድሙ ለቦቢ አደራ ሰጥቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ የቦቢ ልጅ አንድ ግብዣ ላይ የሚጫወት ዘፈን ይሰማል። ድምፁ የአባቱ ነው! አባትየው ለልጆቹ አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም። በ2009 ሰባቱም ዘፈኖች ድራግ ሲቲ በሚባል አሳታሚ ወጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ሣጥን ውስጥ ማለት ነው።

እኔ የሰማሁት ከባድ መኪና ስነዳ ነው፣ ሌሊት፣ ኦሃዮ ውስጥ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቆሜ እንደገና ከመጀመሪያው አጫወትኩት። ወንድሜን በሞት ያጣሁት በዚያው ዓመት ነበር። ስለዚህ ይሄ ቅጂ ለእኔ ከሙዚቃም በላይ ነው።

የማታ ፈረቃ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዲትሮይት ነበርኩ፣ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሰባቱንም እሰማቸዋለሁ።

ካናል ዳር፣ እህቴ፣ የነገርሽኝን ሥራ አጫወትኩት። ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ምንም ሳልነግረው «ሞዓ አንበሳ»ን ከፈትኩ። ጊታሩ ሲጀምር ፊቱን አጨማደደ። የኔን ፓንክ ያውቀዋል፣ አይወደውም፤ ቀንሰው ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ። ቢላዋው ቆመ።

«ጌታቸው ነው።»

አዎ አልኩት። ፖሊስ ኦርኬስትራ ሳለ ሲጫወት አይቶታል፤ በሕይወቴ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሽንኩርቱን ትቶ በመዳፉ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ፣ ጊታሮቹ የሚወቅጡትን ያንኑ ምት። «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለ። የሆላንድ ፓንኮች ናቸው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ገብቷቸዋል» አለኝ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ጨምር አለ። እስከ መጨረሻው ሰማን። ወጡ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ማታ ላይ የባድ ብሬይንስን ካሴት አምጣው አለኝ። ሽፋኑን አገላብጦ አየ፣ ቀለሞቹን በጣቱ ነካ። ዘፈኑ የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ቴፑ በልቶት ነው አልኩት። ክሩን አውጥቶ ብርሃን ላይ ያዘውና ስኮቹን መረመረ። ጠርዙ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ክሩን የሚያነበውን የቴፑን «ሄድ» ያበላሸዋል አለኝ። መቀስ አስመጣና እንደ ፀጉር የቀጠነችውን ትርፍ ከረከማት።

የአራት ኪሎው፣ አጎትህ ከፈቀዱ የዚያን ሸክላ መሃል ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ የአምሃን ጽሑፍ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የቴፔ ጎማ አልቋል፣ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዲሲ ወይም ሜሪላንድ አካባቢ የድሮ ቴፕ የሚጠግን ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። አባዬ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ ሃያ ምናምን ካሴት አለ፣ እሱንም ልንሰማ ነው።