ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚያድጉ ሕፃናት ወቅቶችንና ዓመት በዓላትን እንዴት እናሳውቃቸው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። የስድስት ዓመት ወንድና የሦስት ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔም ባለቤቴም ተቀጥረን የምንሠራ በመሆናችን ልጆቹን በደንብ የምናገኛቸው ማታ ከ1 ሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የሰሞኑ ቡሄ ነው። ነሐሴ 12 ማታ የሰፈር ልጆች በትራቸውን ደረጃው ላይ እየመቱ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከታችኛው ፎቅ ሲወጡ ይሰማን ነበር። ቀደም ብለው ሁለት ቡድኖች መጥተው ስለነበርና ትንሿን ገና እያስተኛኋት ስለነበር፣ በራችን ሲደርሱ መብራቱን አጥፍቼ ዝም አልኩ። ጥቂት ጨፍረው ወደ ጎረቤት በር አለፉ። ወንዱ ልጄ በጨለማው ውስጥ በሩ ሥር ቆሞ በእግሩ ጣቶች እየተንጠራራ ነበር። «እማዬ፣ እኛ ቤት ሰው የለም ለምን አልሻቸው?» አለኝ። አፍ አውጥቼ ያልኩት ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን መብራት ማጥፋቴን የተረዳው እንዲያ ነው። ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኔ ያደግኩት በዚሁ ሰፈር፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖርበት በነበረበት ጊዜ ነው። ቡሄ ሲደርስ ወንድሞቼ ጅራፍ ይገምዱ ነበር፤ እንቁጣጣሽ ሲመጣ እኛ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘን ከቤት ቤት አበባየሆሽ እንል ነበር፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም፤ የተማርነው ከግቢው ነው። ልጆቼ ግን ክረምትን የሚያውቁት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትልቁ የተማረበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አራቱን ወቅቶች በሥዕል ያሳያል፤ «ዊንተር» ከሚለው ቃል ሥር ነጭ የበረዶ ሰው ተሥሏል፣ በትምህርት ቤትም ዊንተር ማለት ክረምት ነው ተብሎ ተነግሮታል። ስለዚህ ሐምሌን ሙሉ በረንዳ ላይ እየቆመ የበረዶ ሰው የምንሠራው መቼ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ከረመ።

ግቢ በሌለበት፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ በሌለበት ቤት ሕፃናት የዓመቱን ዙር እንዲያውቁትና እንዲወዱት ምን ታደርጋላችሁ? በተግባር ያያችሁትን ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከስድስት ኪሎ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የመጽሐፉን ነገር ላንሣ፤ እኔም በየዓመቱ የምታገልበት ጉዳይ ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ዊንተር የሚባለው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ላይ የሚውለው ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ በእኛ ዘንድ ፀሐይ የሚወጣበት በጋ ነው። ሰመር የሚሉት ጊዜ ሲደርስ እኛ ጃንጥላ ይዘን እንወጣለን። ስለዚህ ዊንተርን ክረምት ብሎ መተርጎም ለሕፃኑ ወራቱን ገልብጦ መስጠት ነው። ለልጅዎ ሊነግሩት የሚገባው እውነት ቀላል ነው፤ እዚያ ወቅቱን የሚለየው ብርድና ሙቀት ነው፣ እዚህ የሚለየው ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ብርዱም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በክረምት አይበረታም፤ ሌሊቱ ክፉኛ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ደመና ስለሌለ ምድር ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት ሌሊት ያመልጣልና።

የእኛ አቆጣጠርም አራት ወቅቶች አሉት፣ ስማቸውን ከአሁኑ ቢሰማ ደስ ይለኛል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ እስከ ሰኔ 25 ነው። ብዙዎቻችን አደይ አበባ የሚፈካበትን መስከረምን ፀደይ እያልን እንጠራዋለን፤ በዚህ አቆጣጠር ግን የአበባው ወቅት መፀው ነው።

የበረዶውን ሰው በተመለከተ ልጅዎን «የለም» ብለው ብቻ አይመልሱት። አማርኛ ሁለቱንም በረዶ ስለሚል እሱ የጠበቀው ነገር በከፊል ትክክል ነው። እኛ ዘንድ በክረምት የሚወርደው እንደ ሽምብራ የጠጠረ በረዶ ነው፣ እዚያ የሚወርደው ደግሞ እንደ ጥጥ የሳሳ ነው። አንድ ቀን በረዶ ሲጥል በሲኒ ሰብስቦ በእጁ እንዲይዘው ያድርጉ፤ ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ ያስተምረዋል።

በክፍሌ የማደርገውን አንድ ነገር ቤትዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሠላሳ ሠላሳ ሳጥን ያላቸው አሥራ ሁለት ረድፎችን እናሰምራለን፤ ከሥር አምስት ሳጥን ብቻ ያላትን የጳጉሜንን አጭር ረድፍ እንጨምራለን። ልጁ ማታ ማታ የቀኑን ሰማይ ይሥልበታል፤ ዝናብ ከሆነ ሰማያዊ ጭረት፣ ፀሐይ ከሆነ ቢጫ ክብ። ክረምቱ ከመስኮት ውጭ ከማለቁ በፊት ወረቀቱ ላይ ሰማያዊው እየሳሳ መሄዱን ሕፃናቱ ራሳቸው ይነግሩኛል። ጳጉሜን በ2015 ስድስት ቀን ነበራት፣ ደግማ ስድስት የምትሆነው በ2019 ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት ሳጥን መጨመር ለልጅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ወቅትን በአፍም ይማሩታል። አሁን በየመንገዱ በከሰል የሚጠበሰው በቆሎና በሳህን የሚሸጠው በለስ የክረምት ነው። የባቄላ እሸት ጥቅምት ገደማ ይመጣል፣ ከነቅጠሉ በእስር የሚሸጠው የሽምብራ እሸት ደግሞ ወደ ገናና ወደ ጥምቀት። ከሥራ ሲመለሱ አንድ እስር ይዘው ይግቡና ትንሿ ራሷ እንድትፈለፍል ይስጧት።

መልስ 2፦ አያት፣ ቀድሞ የፒያሳ ነዋሪ

ልጄ፣ መብራት ማጥፋትሽን አትጸጸችበት፤ የደከመች እናት የምታደርገው ነው። ለከርሞ ግን በሩን ክፈቺ። ጨፋሪዎቹ ሲመርቁ ልጅሽ መካከላቸው ይቁም፣ የሚሰጠውንም ነገር በገዛ እጁ ይስጥ። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከግማሽ ኪሎ ዱቄት ስምንት ያህል ትናንሽ ሙልሙል ይወጣል፤ ሊጡን ጠዋት አቡክተሽ ከሄድሽ ማታ ይደርስልሻል፣ በኤሌክትሪክ ምጣድም አክንባሎ ደፍተሽበት ጥሩ ሆኖ ይበስላል። ሦስት ዓመቷ እንኳ ብትሆን ሊጥ ማድቦልቦል ትችላለች። የእሷ ሙልሙል ጠማማ ይሆናል፤ ቢሆንም ለይተሽ ጋግሪላት፣ ሳትበላው አትተኛም።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። እኛ ልጆች ሳለን ይህን ስንሰማ ዝናቡ በማግስቱ የሚያቆም ይመስለን ነበር። አሁንም ገና ይዘንባል፣ ነገር ግን ጉልበቱ እየቀነሰ ነው። ይህን ለልጅሽ ስትነግሪው መምህርቷ ያሉትን ወረቀት እያሳየሽው ይሁን፤ ተረቱ እውነት መሆኑን ራሱ ይቆጥራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ሲጥል እኛ ልብሳችንን አውልቀን ደጅ እንወጣና «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን እንዘል ነበር፤ የዕለቱ ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራልና። አንቺም ከፎቅሽ ይዘሻቸው ውረጂ። አሮጌ ልብስ አልብሰሻቸው ደረጃው አፋፍ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይራሱ፣ ከዚያ በፎጣ አድርቀሽ ትኩስ ሻይ ስጫቸው። ሳል የያዘው ልጅ ካለ ግን እጁን ብቻ በመስኮት አውጥቶ ይርጠብ። እኔ ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ከሁሉም በዓል አብልጠው የሚጠይቁኝ ስለዚህ ቀን ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ቀን የሚከለከሉትን ነገር ስለሚፈቀድላቸው ይመስለኛል።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ እስር ቄጤማና አንድ እቅፍ አደይ አበባ በቂ ነው። ቄጤማውን ልጆቹ ራሳቸው ወለሉ ላይ ይጎዝጉዙት። ስድስት ዓመቱ ልጅሽ ደግሞ ከአሁኑ የአበባ ሥዕል መሣል ይጀምር። ስድስት ወይም ሰባት ወረቀት ሥሎ በጠዋት ለጎረቤት ቢሰጥ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትንም በር ማንኳኳትንም ይለምዳል። የጎረቤቶቻችሁን ስም ያወቅሽው ያን ቀን ልጅሽን ተከትለሽ ስትሄጂ ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ላይ የደረሰው እንዲያ ነው።

ኅዳር 12ን ደግሞ አትርሺው። አያቴ ስለ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ታወራን ነበር፤ ቀባሪ የጠፋበት፣ ከየቤቱ ጭስ ብቻ የሚታይበት ዘመን ነበር ትለናለች። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ያንን መታሰቢያ ይዞ ነው የመጣው። ዛሬ ላስቲክና ፕላስቲክ በየደጁ ማቃጠል ሕፃናትን ያሳምማል፣ እኔ አልደግፈውም። እኛ ቤት የዚያን ቀን የተሰበሩ መጫወቻዎችን ከየአልጋው ሥር እናወጣለን፣ ቤቱን ጠርገን ጥቂት ዕጣን እናጨሳለን፣ ታሪኩንም እነግራቸዋለሁ።

መልስ 3፦ የሦስት ልጆች አባት፣ ከልደታ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የምንኖረውም እንደ ጠያቂዋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ልጆቼ ሆያ ሆዬ አይወጡም፣ በራችን ግን በዚያች ማታ ክፍት ነው፣ የሚሰጠውንም ትልቋ ልጄ ቀድማ ታዘጋጃለች። ለዒድ ደግሞ እነሱ በተራቸው ሳምቡሳና ተምር በሳህን ይዘው ሦስቱንም ፎቅ ያዳርሳሉ። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያወቁት ነገር ነው።

ወቅትን በተመለከተ የእኛ በዓላት ለልጆች ሌላ ትምህርት አላቸው። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሳበ በጋውንም ክረምቱንም ይዞራል። ትልቋ ልጄ ሕፃን ሳለች የምናፈጥረው በዝናብ ድምፅ ነበር፤ ታናሽዋ ግን ረመዳንን የምታውቀው በጋ ላይ ነው። ሁለቱ ይህን ሲከራከሩ ሰምቼ ነው ወር ምን እንደሆነ የነገርኳቸው።

በአንድ ነገር ግን ከእናታችን ሐሳብ ትንሽ እለያለሁ። ለሚያንኳኳ ሁሉ ሌሊቱን በር መክፈት ሕፃን ላለበት ቤት ይከብዳል። የእኛ ሕንፃ ነዋሪዎች ተነጋግረን ጭፈራው ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት እንዲሆን፣ ችቦውም በየደጁ መሆኑ ቀርቶ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ አንድ ላይ እንዲለኮስ ተስማማን። አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቡ እናስቀምጣለን። ከዚያ ወዲህ መብራት የሚያጠፋ ቤት አላየሁም።

መልስ 4፦ እናት፣ ከካዛንቺስ

አንድ ምክር ብቻ። ሦስት ዓመቷን ልጅ መስከረም 16 ቀን መስቀል አደባባይ ይዘዋት አይሂዱ። እኔ ልጄን በዚያ ዕድሜዋ ወስጃት ከሰዉ ብዛት የተነሣ ያየችው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር፤ ደመራው ሲለኮስም ፈርታ አንገቴ ሥር ተሸጉጣ አለቀሰች። በቀጣዩ ዓመት የሰፈራችንን ትንሽ ደመራ በእግራችን ሄደን አየን፤ እሷም አንድ አደይ አበባ ራሷ ሰክታበት ተመለሰች። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፣ ትልቁን ደመራ ልትሄድ የጠየቀችው ራሷ ናት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን እሑድ ሠርተን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ለጥፈነዋል። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን የቀረው በመሆኑ ልጄ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ያሉትን ሳጥኖች ሁሉ ባዶ ማየት አልወደደም፤ የሐምሌን ሠላሳ ሳጥኖች «ሁሌ ዘንቧል» ብሎ በሰማያዊ ሞላቸው። አልተከራከርኩትም። የጊዜ ገደቡን ሐሳብ ደግሞ ለሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነግሬያቸው ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እንሞክረዋለን ብለዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ሞግዚታቸው እንደነገረችኝ ሁለቱም በረንዳው ላይ ተንበርክከው አንድ ሲኒ ሙሉ ለቀሙ፤ ልጄም አባቱ እስኪመጣ እንዳይቀልጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪልኝ ብሎ ለመናት። ባለቤቴ የገባው ማታ 3 ሰዓት ላይ ስለነበር ልጁን ተኝቶ አገኘው። ዛሬ ጠዋት ግን ሁለቱ ቁርስ ሳይበሉ ፍሪጁን ከፍተው ቆመው ነበር። በረዶው አንድ ላይ ተጣብቆ የሲኒውን ቅርጽ ይዟል፤ ልጄ ገልብጦ ሳህን ላይ አወጣውና ሁለት የሽምብራ ፍሬ ዓይን አደረገለት።

እማማ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ በማለዳ የተቦካው ሊጥ በዚህ ብርድ እስከ ማታ ካልደረሰልኝ ምን ላድርግ?

አያት፣ ቀድሞ የፒያሳ ነዋሪ

በለብታ ውኃ አቡኪው፣ እቃውን በጋቢ ጠቅልለሽ ማታ ካበሰልሽበት ምድጃ አጠገብ አስቀምጪው። ካልሆነም ከዋዜማው ማታ ጀምሪ፤ ቢያድር አይጎዳውም።