የአባቴን ቮልስ በ1/24 ልሠራ ነው፤ ቀለሙን ከየት ልጀምር?

ውሃ ሰማያዊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ታሚያ የሚባለው ሞዴል አምራች የሚሸጠውን 1/24 ቮልስ ገዝቻለሁ፤ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ያነሰች፣ ራስህ የምትገጣጥማት የፕላስቲክ ሞዴል ናት። በፈረንጆቹ የ1966ቱን፣ 1300 የሚባለውን ዓይነት ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ገና ምንም አልቆረጥኩም።

የምሠራው ለአባቴ ነው። አዲስ አበባ እያለን ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። አሁን እዚህ አሜሪካ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ስለ እሷ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ለመስቀል ባደርስለት ደስ ይለኛል፤ ሁለት ወር ገደማ አለኝ።

ሞዴል ሠርቼ አላውቅም። መገጣጠሙ ብዙም አያስፈራኝም፤ መመሪያው በሥዕል ነው። የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው። የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ጋራዥ የለኝም፣ ትንሽ በረንዳ ግን አለችኝ። በብሩሽ ይሆናል ወይስ ስፕሬይ የግድ ነው? ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚነፋውን መሣሪያ) ልግዛ? ደግሞ ሱቅ ውስጥ የታሚያ ስፕሬይ ቲኤስ፣ ፒኤስ፣ ኤኤስ እያለ ተደርድሯል። የቱን ነው የማነሳው?

ብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ አበባ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ቮልስን መምረጥሽ ደስ ብሎኛል፤ ግን ከወዲሁ አንድ ነገር እወቂ። ቮልስ ጠፍጣፋ ቦታ የላትም። ጣሪያዋ ክብ፣ ኮፈኗ ክብ፣ አራቱም ፓራፋንጎዎቿ ክብ። ብርሃኑ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ነው የሚወርድባት። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትቀመጥባት ከሩቅ ትታያለች። ላዳ ቢሆን ኖሮ ማዕዘኖቹ ብዙ ነገር ይሸፍኑልሽ ነበር። እዚህ የሚሸፍንልሽ የለም፤ ስለዚህ ቸኩለሽ አትጀምሪ።

መጀመሪያ ስፕሬዩ። ቲኤስ የሚለውን ብቻ ግዢ። የተሠራው ለዚሁ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፒኤስ በሪሞት ለሚነዱት መኪኖች ብርሃን አሳላፊ ቦዲ ነው፤ የአንቺ ፕላስቲክ ላይ አይሠራም። ኤኤስ የአውሮፕላን ሞዴል ቀለም ነው። ጣሳዎቹ ስለሚመሳሰሉ ፊደሉን ደጋግመሽ እይ።

ኤርብራሽ አሁን አያስፈልግሽም። ኮምፕሬሰሩ፣ ቀለም ማቅጠኑ፣ እጥበቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ባለ አንድ ቀለም ለሆነች ቮልስ ጣሳ ስፕሬይ ይበቃል። ብሩሽ ለውስጡ ይሁን፤ ለመሪው፣ ለወንበሩ፣ ለሞተሩ። ቦዲው ላይ ግን የብሩሹ ጸጉር የሄደበት መስመር ደርቆ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሁሉ ስለ አነፋፉ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ደግሞ አብዛኛው ሥራ ጣሳው ከመነሳቱ በፊት ነው ባይ ነኝ። ቦዲውን ያዢና ጥፍርሽን በቀስታ አስኪጂበት። ሻጋታው የተገጣጠመበት ቦታ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይሰማሻል። ዓይን ላያየው ይችላል፤ ቀለም ሲያርፍበት ግን ፍንትው ብሎ ይወጣል። በ800 ቁጥር፣ ከዚያ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ይልማል) ውሃ እያስነካሽ አጥፊው። ስትጨርሺ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። ፋብሪካው ከሻጋታ ለማላቀቅ የቀባው ቅባት አለ፤ የእጅሽም ቅባት አለ። ሁለቱም ቀለምን ይገፋሉ። በጨርቅ አትጥረጊው፤ ራሱ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኪው።

መያዣ ልግዛ እንዳትይ። ትንሽ ውሃ የቀረበት ሃይላንድ ውሰጂ። አፉ ላይ ቴፕ ጠቅልለሽ ቦዲውን ከውስጥ በኩል አጣብቂበት። አንገቱን ይዘሽ እያዞርሽ ትነፊያለሽ፤ ስትጨርሺ እንደቆመ ታስቀምጪዋለሽ።

ፕራይመሩን፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚነፋውን መደብ፣ ነጭ አድርጊው። ቀለምሽ ውሃ ሰማያዊ ስለሆነ ግራጫ ላይ ካረፈ ይጠቁራል። ጣሳውን ከመንፋትሽ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይው፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ግን በፍጹም። ሲሞቅ ቀለሙ ይላላል፣ ደቅቆም ይወጣል። ከዚያ በደንብ ነቅንቂው። ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መንፋት የምትጀምሪው ከቦዲው ውጭ አየር ላይ ነው፤ ቦዲውን አልፈሽ አየር ላይ ታቆሚያለሽ። ቦዲው ላይ ከጀመርሽ ወይም ቦዲው ላይ ካቆምሽ እዚያው ቦታ ይንጠባጠባል።

ቮልስ ላይ በጣም የምጠነቀቅበት አንድ ቦታ አለ። ፓራፋንጎው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ጎድጓዳ። መጀመሪያ እዚያ በስሱ ንፊ። በመጨረሻ እደርስበታለሁ ካልሽ፣ ወደ ውስጥ ለማስገባት ስትታገዪ ዙሪያው ቀለም ይጠግብና ይወርዳል።

የመጀመሪያው ዙር ነጩ ከሥር እየታየ የሚያልፍ ስስ ይሁን። የሚያስቀይም ነገር ይመስላል፤ አትደንግጪ። 15 ደቂቃ ጠብቂና ሁለተኛውን ድገሚ። ሦስተኛው ላይ ነው ትንሽ ጠገብ አድርገሽ፣ እርጥበቱ ሲያብረቀርቅ እያየሽ የምትሄጂው። ወዲያው አቧራ እንዳያርፍበት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ድፊበት። ሳፋው ራሱ ንጹሕ ይሁን።

አየሩ ነገር አለው። እናንተ ጋ በበጋ ወበቁ ከባድ ነው። እርጥበት ባለበት አየር የተነፋ ላከር (ቲኤስም የዚህ ዓይነት ቀለም ነው) ወተት እንደነካው ይደበዝዛል። ዝናብ ሊመጣ ሲልም ሆነ ዘንቦ እንዳባራ አትንፊ። እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። ቀለሙ ቦዲው ላይ ሳይደርስ መድረቅ ይጀምርና ገጹ ይቆረፈዳል። እኔ ጠጋ ብዬ ነው የምነፋው።

ደግሞ ጤናሽ። በረንዳም ቢሆን ተራ የአቧራ ማስክ አይበቃም። ለቀለም ጋዝ የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ግዢ። እሳት በአካባቢው አይኑር፣ የቤቱንም በር ዝጊው። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ጋሽ ካምቢዮ፣ አዳማ

ልጄ፣ ስለ ፕላስቲኩ ይህ ልጅ ያለሽን ስሚው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከትልቋ ቮልስ ሥር ተኝቼ ነው፤ ስለ መኪናዋ ልንገርሽ።

የ1966ቷ 1300 የኋላ ክዳኗ ላይ 1300 የሚል ጽሑፍ አላት፤ አትርሺው። የቸርኬ ክዳኗ ጠፍጣፋው ነው፤ ጉብ ያለው የቀደሙት ነው። ጭስ ማውጫዋ ሁለት ነው፤ ክሮም ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው መርገጫ ጥቁር ጎማ የለበሰ ነው፤ አብሮ ሰማያዊ እንዳይሆንብሽ። ኪቱ (የገዛሽው የሞዴል ሳጥን) በግራም በቀኝም መሪ ከሰጠሽ የግራውን ግጠሚ።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ አለ። ፓራፋንጎው በቡሎን ነው የሚታሰረው። በእሱና በቦዲው መካከል ቀጭን የጎማ ገመድ ይገባል። ያ መስመር ከሌለ መኪናዋ ቮልስ አትመስለኝም።

ስለ ሰማያዊው። በዚያ ዓመት ከፋብሪካ የሚወጡ ሰማያዊዎች ነበሩ፤ ባሃማ ብሉ የሚባለው አለ፣ ሲ ብሉ የሚባል ጠቆር ያለም አለ። አዲስ አበባ የነበረች ቮልስ ግን ስንቴ እንደተቀባች ማን ያውቃል? ፎቶ ላይም አትተማመኚ፣ ይገረጣል። አባትሽን ጠይቂው። ባለቤት የመኪናውን ቀለም አይረሳም።

ብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የጎማ ገመዱን እኔ በጣም በቀጠነ ጥቁር ቀለም ነው የማወጣው። ቀለሙን አቅጥኜ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጎድጓዳው ላይ አንድ ጊዜ ጠብ ሳደርገው ራሱ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። የተረፈውን በጥጥ እጠርገዋለሁ። ይህ የሚሆነው ግን የሚቀባው ቀለም አክሪሊክ ወይም ኢናሜል ሲሆን ነው፤ ላከር በላከር ላይ ከሆነ የሥሩን ይፈታዋል።

እህቴ፣ ጋሼ ስለ ቀለሙ ያሉትን በዚህ መንገድ አድርጊው። ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያዎች ግዢ። ጀርባቸው ክብ ስለሆነ ለቮልስ ጣሪያ ይቀርባል። ፕራይመር ንፊባቸው፤ ከዚያ የተለያየ ሰማያዊ ሞክሪባቸው። ቲኤስ-23 አንዱ ይሁን። ሲደርቁ መስኮት አጠገብ አስቀምጪና አባትሽ ይምረጥ። የአነፋፍ ልምምድም ይሆንሻል።

እኔ በግሌ ከእውነተኛው መኪና ትንሽ ፈካ ያለውን እመርጣለሁ። ያው ቀለም በትንሽ ነገር ላይ ሲሆን ለዓይን ይከብዳል። በዚህ የማይስማሙ ሞዴል ሠሪዎች አሉ።

ጎማ ተራ፣ አትላንታ

ጥያቄ ለብርጭቆ ወረቀት። በጥር ወደ አገር ቤት እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ሞዴል ለሚሠራ የአጎቴ ልጅ እነዚህን ስፕሬዮች ሻንጣ ውስጥ ይዤለት ብሄድስ?

ብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ አበባ

አይሆንም ወንድሜ። የቀለም ስፕሬይ ተቀጣጣይ ነው፤ በእጅም በሻንጣም አውሮፕላን ላይ አይገባም። ይልቅ ኪት፣ ጥሩ ምላጭና 2000ና 3000 ብርጭቆ ወረቀት ይዘህለት ና። የሚቸግረን እሱ ነው።

ቀለሙን እዚሁ እንወጣዋለን። የመኪና ቀለም የሚበጠብጡ ሱቆች አሉ። የእውነተኛ መኪና የነዳጅ ክዳን ይዘህ ብትሄድ እሱን እያዩ ያመሳስሉልሃል። ትንሽ ነው የምፈልገው ስትላቸው መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ፤ ሞዴሉን ስታሳያቸው ግን ከአንተ በላይ ይጨነቁልሃል። እኔ ለሞዴል የሚሆን ቀለም ያገኘሁት ከእነሱ ነው፤ ስለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ግን ንገረው። አንደኛ፣ የመኪና ቲነር ፕላስቲኩን ይበላል። ፕራይመር ሳይኖር በቀጥታ ከነፋበት ገጹ ይሰነጣጠቃል። ፕራይመሩም ላይ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጤዛ ያህል ስስ ይሁኑ፤ ክፍሎቹን የያዘው ፍሬም ላይ ይሞክር። ሁለተኛ፣ ሜታሊክ አይግዛ። ብልጭልጩ ለትልቅ መኪና የተለካ ነው፤ 1/24 ላይ ጠጠር ያህላል። ባለ አንድ ወጥ ቀለም ይሻላል። በኤርብራሽ ከሆነ 0.3 ሚሊ ሜትር መርፌና ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ ግፊት ይበቃዋል።

ውሃ ሰማያዊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማንኪያዎቹን አሳየሁት። ከሁሉም የፈካውን አነሳና «ስገዛት ቀድሞ ተቀብታ ነበር፤ ይቺን ትመስላለች» አለኝ። ጋሽ ካምቢዮ ልክ ነበሩ።

ቦዲው ተነፍቷል። ሳፋው ሥር አለ። አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች፦ መቼ ልወልውለው? በጎኗ የሚሄደውን የክሮም መስመር በምን ልሥራው? መስታወቱንስ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

ብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ አበባ

ሱፐር ግሉ መስታወት አጠገብ አይድረስ! ሲደርቅ የሚወጣው ጋዝ ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል፤ አይለቅም። ተራ ነጭ ኮላ ተጠቀሚ። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፤ ከተረፈም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

ለመወልወል አትቸኩዪ። ላከር ከላይ በግማሽ ሰዓት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ገና ነው። አፍንጫሽን ወደ ቦዲው አስጠጊ። ቀለም ቀለም ከሸተተሽ መልሰሽ ሳፋውን ድፊበት። ለመስቀል ጊዜ አለሽ፤ እስከዚያ ውስጡንና ሞተሩን ሥሪ።

ሽታው ሲጠፋ ገጹን እይው። ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ካረፈልሽ ወደ ኮምፓውንድ (የመወልወያ ቅባት) ብቻ እለፊ። ከሻከረ በ2000፣ ቀጥሎ በ3000 ውሃ እያስነካሽ በቀስታ እሺው። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፤ ሁለቴ ስትነኪው ነጩ ፕራይመር ብቅ ይላል። የኮፈኗን ጠርዝና የፓራፋንጎዎቹን ጫፍ በቀጭን ቴፕ ሸፍነሽ መሐሉን ሥሪ፤ ቴፑን አንስተሽ ጠርዙን በኮምፓውንድ ብቻ ዳብሺው።

ለክሮሙ መስመር ቤር ሜታል ፎይል የሚባል ጀርባው የሚጣበቅ ስስ ወረቀት አለ፤ እናንተ ጋ በቀላሉ ይገኛል። ከመስመሩ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ፤ አስቀምጪውና በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ዳር ዳሩን እየተጫንሽ የመስመሩን ቅርጽ እንዲይዝ አድርጊ። ከዚያ በአዲስ ምላጭ፣ ክብደቱን ብቻ ለቀሽለት፣ በመስመሩ ጥግ ሂጂ። ምላጩ ዱልዱም ከሆነ ፎይሉን ይጎትተዋል፤ በየበሩ አዲስ ለውጪ። ፓራውልቱን ከፍሬሙ ስትቆርጪ የምትቀረዋን ነጭ ነጥብ ደግሞ ሞሎቶው በሚባለው ክሮም የሚቀባ እስክሪብቶ ንኪያት።

ታርጋውን አባትሽ ካስታወሰው በኮምፒውተር ሠርተሽ አሳንሰሽ አትሚው፤ ግን የዚያን ዘመን ታርጋ ፎቶ አይተሽ ይሁን፤ የዛሬው ሌላ ነው።

ውሃ ሰማያዊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ ብቻ ልጨምር። ላዩ ላይ ግልጹን ቲኤስ-13 ልነፋ አስቤ ነበር። ከፎይሉ በፊት ነው በኋላ?

ብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ አበባ

ከፎይሉ በፊት። ፎይል ላይ ከተነፋ ክሮሙ ይደበዝዛል። ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ ጽሑፍ ወይም ምልክት) ቦዲው ላይ ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የቲኤስ-13 ዙሮች በጣም በስሱ ንፊ፤ ከጠገበ ዲካሉን ያጨማድደዋል። ከዚያ እንደገና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቂ፣ ወልውይ፣ በመጨረሻ ፎይሉን ለጥፊ። ስትጨርሺ ፎቶ ልቀቂልን፤ ጋሽ ካምቢዮ የጎማ ገመዱን ሳያዩ አይቀበሉሽም።