በኤአይ አፕ ፒያኖ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የማርታ አባት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እቤት ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አለ፤ ጠንከር አድርገው ሲነኩት ድምፁ ይጎላል፣ ቁልፎቹ ግን እንደ እውነተኛ ፒያኖ አይከብዱም። በስልክ እየሰማ በሚያርም የኤአይ አፕ ልጀምር አስቤያለሁ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን አገኛለሁ። ግቤ ሁለት ነው፦ መዝሙር ማጀብና ትዝታን በሁለት እጅ መጫወት። የ9 ዓመት ልጄም አብራኝ ትጀምራለች።

ማስታወቂያዎቹ "በጥቂት ሳምንታት" ይላሉ። ትክክለኛው ጊዜ ስንት ነው? አፑ የማያስተምረውስ ምንድን ነው? በወርና በደቂቃ ብታስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ሜትሮኖሙ

ሰላም ወንድማችን። ከወር ይልቅ በሰዓት እንቁጠረው። 30 ደቂቃ በ6 ቀን፣ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በዓመት 156 ሰዓት ይመጣል። የእንግሊዙ ፈታኝ ድርጅት ኤቢአርኤስኤም ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ትምህርቱንም የግል ልምምዱንም ደምሮ የሚገምተው ሰዓት አለ፦ ለ1ኛ ደረጃ 60፣ ለ2ኛ 90፣ ለ3ኛ 120፣ ለ4ኛ 150፣ ለ5ኛ 180። እስከ 3ኛ ደረጃ ሲደመር 270 ሰዓት ነው፤ በእርስዎ አካሄድ 1 ዓመት ከ9 ወር ገደማ። እስከ 5ኛው 600 ሰዓት፣ ወደ 4 ዓመት የሚጠጋ። ፈተና ባይፈልጉም መለኪያው ይጠቅማል።

ወደ እርስዎ ግብ ስናመጣው፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት አምስቱን ጣት ከዶ እስከ ሶል አስቀምጦ በአንድ እጅ ዜማ መልቀም ይቻላል። 3ኛው ወር ሲያልቅ ቀኝ እጅ ዜማ፣ ግራ እጅ በየባሩ (በየምት ቡድኑ፣ ለምሳሌ በየ4 ምቱ) አንድ ኖታ። ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ አራት ኮርድ (አብረው የሚነኩ ሦስት ኖታዎች) ሳይቆሙ እየቀያየሩ ቀለል ያለ መዝሙር ማጀብ። ትዝታን ግን፣ ግራ እጅ ምቱን ይዞ ቀኝ እጅ ዜማውን እያስጌጠ ለመጫወት ከ1 ዓመት ተኩል በታች አይጠብቁ።

አፑ በእርግጥ ጊዜ የሚቆጥበው የመጀመሪያዎቹን 10 ሳምንታት ነው። ብቻውን የሚለማመድ ጀማሪ ስህተቱን ሳያውቅ ሳምንቱን ሙሉ ይደጋግመዋል፤ አፑ ግን በፋ ቦታ ሶል ከነኩ እዚያው ያሳይዎታል። ከዚያ በኋላ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ ብቻ ነውና። በየትኛው ጣት እንደነኩት፣ የእጅ አንጓዎ ወርዶ ይሁን ትከሻዎ ተወጥሮ አያይም።

አንድ ነገር አደራ። አፖቹ ትክክለኛው ቁልፍ እስኪነካ ቆመው የሚጠብቁበት አማራጭ አላቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሙከራዎች ይጠቀሙበትና ያጥፉት። አፑ ሲጠብቅ ጣት ቁልፉን ፈልጎ ያገኛል፣ ምቱ ግን ይሞታል። በዚህ ለወራት የለመደ ሰው ማጀብ ያቅተዋል፤ ዘማሪ ቆሞ አይጠብቅም። ይልቁን ፍጥነቱን ወደ 50 በመቶ ያውርዱና ሳይቆም ይሂድ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ስህተት ካለፉ 5 በመቶ ይጨምሩ፤ ሁለት ጊዜ ከተሳሳቱ 10 በመቶ ይመለሱ። የሚያስቸግረው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ባር አይበልጥም። እሱን ብቻ ነጥሎ መደጋገም ነው እንጂ በተሳሳቱ ቁጥር ከመጀመሪያው መነሳት 30 ደቂቃውን በከንቱ ይበላዋል።

የድምፅ ሰው

ከላይ የተባለው የሚሠራው አፑ በትክክል ከሰማህ ነው። "አልቻልኩም" ብሎ ከሚተወው ሰው ብዙው ስልኩ ሳይሰማለት ቀርቶ ነው።

ማይክ ነጠላ ኖታ ደህና አድርጎ ይለያል። ሦስት ኖታ አብሮ ሲነካ፣ በተለይ በግራ በኩል ወፍራሞቹ ድምፆች ላይ፣ ስለሚደራረቡበት ይሳሳታል። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድማ ምንም አይለይም። ስለዚህ በገመድ አገናኘው። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን የመሰለ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለ፣ የፕሪንተር ገመድ ነው የሚገባበት፤ ሌላው ጫፍ በኦቲጂ ማገናኛ ስልኩ ላይ ይሰካል። በገመዱ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን የሚዲ መረጃ ነው፦ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል ተነካ የሚል። ዝናብም ሰው ቢያወራም አያውከውም። ኪቦርዱ ቆየት ያለ ሆኖ ክብ ባለ 5 ቀዳዳ ሶኬት ብቻ ካለው የሚዲ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ትገዛለህ።

ከመጀመርህ በፊት ትራንስፖዝ (የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ዜሮ ላይ መሆኑን እይ። መዝሙር የሚያጅቡ ሰዎች ለዘማሪው ድምፅ እንዲመች ከፍ ዝቅ ያደርጉትና ሳይመልሱት ይተዉታል። +2 ላይ ከተረሳ ዶ ስትነካ ሬ ይሰማል፤ አፑም የነካኸውን ሁሉ ቀይ ያደርገዋል። በማይክ የምትሠራ ከሆነ የፒያኖ ድምፅ ምረጥ። የስትሪንግ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ አፑ ዘግይተህ የነካህ ይመስለዋል። አብሮ የሚመታውን አጃቢ ሪትም አጥፋ። የብሉቱዝ ማዳመጫም ይቅርብህ፤ ድምፁ ጆሮህ ጋ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምትህን ያዛባዋል።

መብራት ሲጠፋ ልምምዱ እንዳይቋረጥ ከኪቦርዱ በታች ያለውን ክዳን ክፈትና እይ፤ ብዙዎቹ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዶች በ6 ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ።

ቅኝት ወዳድ

የትዝታውን ነገር እኔ ልመልስ። አፖቹ የተሠሩት በምዕራቡ ሜጀርና ማይነር ስለሆነ ቅኝት ከእነሱ አትጠብቅ፤ ከአፑ ውጪ በቀን 5 ደቂቃ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ስጠው።

ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። የአፑ የስኬል ጣት አጣጣል እዚህ አይሠራም፤ ፋና ሲ የሉማ። በቀኝ እጅ ዶን በአውራ ጣት፣ ሬን በሌባ ጣት፣ ሚን በመሃል ጣት ትነካለህ፤ ከዚያ አውራ ጣት ከስር ሾልኮ ሶል ላይ ያርፋል፣ ላን ሌባ ጣት፣ ቀጣዩን ዶ እንደገና አውራ ጣት። አውራ ጣት ሁልጊዜ ዶና ሶል ላይ ነው ብለህ ያዘው። ሁለት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ አንድ ኦክታቭ ነው)፣ ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ 60 ምት ላይ፣ በአንድ ምት አንድ ኖታ። ክርኑ ወደ ውጪ ከተወዛወዘ አውራ ጣቱ ዘግይቶ ነው የገባው፤ ሌባ ጣት ሬን ሲነካ አውራ ጣት ጉዞውን መጀመር አለበት።

ለልጅህ ደግሞ ከጥቁሮቹ አስጀምራት። ከፋ ሻርፕ (ከፋ በስተቀኝ ካለው ጥቁር ቁልፍ) ተነስቶ አምስቱን ጥቁር ቁልፍ በተራ መንካት ራሱ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ከጥቁር እስካልወጣች ድረስ ከቅኝት አትወጣም። ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት (ከሚ በስተግራ ያለው ጥቁር ቁልፍ)፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። አንቺ ሆዬ በማሲንቆ ከለመድከው ትንሽ ይለያል፤ የኪቦርድ ድምፅ በግማሽ ቶን ተቆርጦ የተቀመጠ ነው፣ ማሲንቆ ግን በመሃል ያለውን ያገኘዋል።

ስታዳምጥ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አዳምጥ። ምቱ እንደ ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል። ያንን አጨዋወት ለአፑ ብታሰማው ግማሹን ስህተት ይለዋል፣ ስለዚህ የአፑን ነጥብ የሙዚቃ ዳኛ አታድርገው።

የማርታ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትራንስፖዙ እውነትም +3 ላይ ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ። የልምምድ ዕቅድ በጽሑፍ ከሚመልሰው ኤአይ ብጠይቅ ያስተማምናል? ልጄስ ከእኔ ጋር እኩል ትሂድ?

የጣት ነገር

ለዕቅድ ይሆናል። "30 ደቂቃ አለኝ፣ 61 ቁልፍ፣ አራት ኮርድ አውቃለሁ" ብለው ሁኔታዎን በዝርዝር ከሰጡት ደህና አድርጎ ይከፋፍልልዎታል። ጥሩ ክፍፍል ይህን ይመስላል፦ 5 ደቂቃ ቅኝት፣ 10 ደቂቃ ትናንት ያስቸገረው ሁለት ባር፣ 10 ደቂቃ አዲስ የአፑ ትምህርት፣ የመጨረሻው 5 ደቂቃ ስልኩ ተዘግቶ በቃል መጫወት። ያቺን 5 ደቂቃ አይዝለሏት። ከላይ የሚወርዱትን ባለ ቀለም ምልክቶች እየተከተለ የሚጫወት ሰው ስክሪኑ ሲጠፋ ሙዚቃውም ይጠፋበታል። በ3ኛው ወር ምልክቶቹን ደብቀው በኖታ ብቻ እንዲያሳይዎ አፑን ያስተካክሉ። የጣት ቁጥርና የቅኝት ኖታ ግን ከኤአይ እንደመጣ አይውሰዱ፤ በሙሉ ልብ ሆኖ አምባሰልን ባቲ ብሎ ሊሰጥዎ ይችላል። ከላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ፣ በጆሮም ያረጋግጡ።

ለማጀብ የሚፈልጓቸው አራት ኮርዶች እጅ ሳይዘል በአንድ ሠፈር ይገኛሉ። በቀኝ እጅ ዶ-ሚ-ሶል ይያዙ፤ ፋ ኮርድን ዶ-ፋ-ላ፣ ሶል ኮርድን ሲ-ሬ-ሶል፣ ላ ማይነርን ዶ-ሚ-ላ አድርገው ይያዙ። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሲሄዱ ከሶል ወደ ላ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ሜትሮኖም 60 ላይ በየ4 ምቱ ይቀይሩ፤ ሳይቆሙ 2 ደቂቃ ከሄዱ በየ2 ምቱ። ግራ እጅ የኮርዱን ስም ኖታ ብቻ ይንካ።

ልጅዎን ለብቻ ያስኬዷት። አዋቂ ኖታውን ቶሎ ይረዳል፣ እጁ ግን ይወጠራል፤ ልጅ ተቃራኒው ነው። ለእሷ 12 ደቂቃ ጠዋት፣ 12 ደቂቃ ማታ ይበቃል። እግሯ ከተንጠለጠለ ወገቧ ይታጠፋል፤ ከእግሯ ስር የእንጨት ሳጥን ያድርጉላት፣ ክርኗም ከቁልፎቹ ጋር እኩል ቁመት ላይ ይሁን። አፑ ኮከብ ስለሚሰጥ ልጆች በአንድ ጣት እየለቀሙ ደረጃ ያልፋሉ፤ ይህን አፑ አያውቅባትም፣ እርስዎ ነዎት አጠገቧ ቆመው የሚያዩት።

ሁለታችሁም በሳምንት አንዴ ስልኩን ከጎን፣ በእጅ ቁመት አስቀምጣችሁ 1 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ሦስት ነገር ነው የሚታየው፦ አንጓው ከቁልፎቹ በታች ወርዷል? ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ተኝታለች? ያልተነኩት ጣቶች ወደ ላይ ተወጥረዋል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ፍጥነቱን ቀንሱ። ክንድ ላይ ሕመም ከተሰማ የዚያን ቀን ልምምድ ያቁሙ፣ እያመመ አይጫወቱ።

አቅም ካለ በወር አንዴ 45 ደቂቃ ፒያኖ የተማረ ሰው ጋ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ አስተማሪዎችን መጠየቅ ነው። አዲስ ዘፈን እንዲያስተምሯችሁ ሳይሆን ቪዲዮዎቹን አይተው እጃችሁን እንዲያርሙ ጠይቁ። በዚያውም ከባድ ቁልፍ ያለው እውነተኛ ፒያኖ ላይ ጥቂት ይጫወቱ፤ በቀላል ኪቦርድ የለመደ ጣት እዚያ ላይ ድምፁ ያንስበታል፣ ሰው ደግሞ ይህን ሲያይ በጣቱ መግፋት ይጀምራል። የክንዱን ክብደት መልቀቅ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱን ደግሞ አጠገብዎ ያለ ሰው ክንድዎን ይዞ ነው የሚያሳይዎት።