ችግኞቹ በአንድ ሌሊት ጠቆሩ፤ ምን እንርጭ?

ጥላ ፈላጊ
ሰላም፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ክረምት ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር በአንድ ገበሬ ይዞታ ላይ ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ተክለን ነበር። እስከ መስከረም ቆንጆ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ስንሄድ ግማሾቹ ጠቁረዋል። ቅጠላቸው የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ምን በሽታ ነው? የትኛው መድኃኒት ይሻላል? ባለ መርጫው ነገ ጠዋት ይመጣል። ባለይዞታው ሽማግሌ «ባህር ዛፍ ይሻላል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር» እያሉን ነው።

እሸት
ውሃ ጠምቷቸው ነው። ማታ ማታ አጠጡ።

የደጋ ልጅ
ቦታው የት ነው?

አባ ወይራ
ልጆቼ፣ መጀመሪያ ታሪኩን እንወቅ። ባህር ዛፍ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲቸግራት ነው። ደጋው የጽድና የወይራ አገር ነበር። ያን ጫካ ማየት የፈለገ ደቡብ ጎንደር ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ይመልከት። ደግሞ ተከላ ብቻውን ምንም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ስንቱን ተመልሰን አየነው?

ጥላ ፈላጊ
እሺ አባባ፣ ግን የሚረጨውስ? ቦታው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው።

የደጋ ልጅ
ኧረ ቀድመሽ አትናገሪም! በሽታ አይደለም፣ ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ አመዳይ ይጥላል። የጠቆሩት ረባዳው ላይ ያሉት ናቸው? ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ እዚያ ነው የሚተኛው።

ጥላ ፈላጊ
አዎ! ዳገቱ ላይ ያሉት ደህና ናቸው። ረባዳው ላይ አንዲት ወይራ ብቻ ተርፋለች፣ እሷም ክትክታ ቁጥቋጦ ሥር ያለችው።

ሳቂታው
በጥቅምት አንድ አጥንት፣ ለችግኝ አንድ ጋቢ።

ገበሬው
ሳር አልብሱ።

የደጋ ልጅ
ሳሩ መሬት ላይ ከተከመረ ግን ይጎዳል። አፈሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ችግኙ እንዳይለቅ ይከለክለዋል። አራት ቀጭን እንጨት ትከሉና ከላይ ትንሽ ዳስ ሥሩ። ሳሩን ጣራው ላይ አድርጉ። በምሥራቅ በኩል እስከ መሬት ጋርዱት፣ በውርጭ በረዶ የሆነውን ቅጠል የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ስታቀልጠው ጉዳቱ ይብሳል። ላስቲክ የምታለብሱ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ። ውሃ የምታጠጡ ከሆነ ረፋድ ላይ ይሁን፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል።

የጠቆረውን አሁን አትቁረጡ። ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ከልጡ በታች አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አለው፣ ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ዋንዛውን ግን እርሱት፣ ያ ከፍታ ለሱ አይሆንም። ማን ነው የሰጣችሁ?

ጥላ ፈላጊ
ችግኝ ጣቢያው የነበረውን ነው የሰጠን፣ በነፃ።

ገበሬው
ሳር አልብሱ ብያለሁ እኮ።

ባለ አጣና
ሽማግሌው ልክ ናቸው። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጣና ሆኖ ይሸጣል። ኮሶ እስኪያድግ ምን ይብሉ? መሬቱ የሳቸው ነው፣ እናንተ ፎቶ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ።

የደጋ ልጅ
ፎቶውን ተወው። ጥያቄህ ግን ተገቢ ነው። ከብት ካልገባ ሳሩ ይነሳል፣ እሳቸው አጭደው ለከብታቸው ይወስዱታል ወይ ይሸጡታል። ቀፎም ማስቀመጥ ይቻላል። አጨዳው የማን እንደሆነ ግን ከአሁኑ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ልጆቻቸውም ባሉበት። ደግሞ ክትክታውን እንዳትመነጥሩት። በሚቀጥለው ክረምት ወይራውን እሱ ሥር ትከሉ።

ጥላ ፈላጊ
ዳሱን ዛሬውኑ እንሠራለን። ባለ መርጫው ግን ቅድመ ክፍያ ወስዷል!

ሳቂታው
የሽማግሌውን ድንች ይርጭላቸው፣ ትታረቃላችሁ።

መንዜው
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኮሶ ዘር የት ይገኛል?

አባ ወይራ
ልጄ፣ ስለ ኮሶ መጀመሪያ ታሪኩን እንወቅ።