የ90 ማሟያ እና የ180 ማሟያ ዘዌዎች፦ ካልኩሌተሩ 55 ሲል መልሱ ለምን 125 ሆነ?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በትሪጎኖሜትሪ ትምህርት ኮምፕሊመንተሪ እና ሰፕሊመንተሪ የሚባሉት ዘዌዎች ስለተምታቱበት ማታ ማታ አብሬው እቀመጣለሁ። እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ የማስታውሰው የመጀመሪያዎቹ ድምራቸው 90 ዲግሪ፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ 180 ዲግሪ መሆኑን ብቻ ነው። ዘዌዎቹን ማግኘት ራሱ አላስቸገረንም፤ 35ን ከ90 ቀንሶ 55፣ ከ180 ቀንሶ 145 ማለት የመቀነስ ጉዳይ ነው። ያስቸገረን ይህ መቀነስ ከሳይንና ከኮሳይን ጋር ሲገናኝ ነው።

በደብተሩ ላይ «የ90 ከሆነ ሳይን ወደ ኮሳይን ይለወጣል፤ የ180 ከሆነ ሳይን ባለበት ይቀራል፣ ኮሳይን ግን ኔጌቲቭ ይሆናል» የሚል ሁለት መስመር አለ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እንዲሁ ነው የተሰጠን» ከማለት በቀር የሚለው የለውም።

ትናንት የሠራነው ጥያቄ እንዲህ ይላል። በጎነ ሦስት ሀለሐ ውስጥ ዘዌ ሀ 35 ዲግሪ ነው፤ ከሀ ፊት ለፊት ያለው ጎን 7 ሴንቲ ሜትር፣ ከለ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘዌ ለ ስንት ነው? በሳይን ሕግ (በአንድ ጎነ ሦስት ውስጥ እያንዳንዱ ጎን ለፊት ለፊቱ ዘዌ ሳይን ሲካፈል ውጤቱ እኩል ነው) 10ን በሳይን 35 አባዝተን ለ7 ስናካፍል 0.8194 አገኘን፤ ካልኩሌተሩም 55.02 ዲግሪ አለን። ወንድሜ 35 እና 55 ተደምረው 90 መምጣታቸውን አይቶ «ኮምፕሊመንተሪ ናቸው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ዘዌ 90 ነው» ብሎ ፈነጠዘ፤ እኔም አመንኩት። የመልሱ ገጽ ግን 125 ዲግሪ ይላል። ጥያቄውን ደግመን ስናነበው «ዘዌ ለ ከ90 ዲግሪ ይበልጣል» የሚል ሐረግ መዝለላችንን አየን። ሐረጉ ባይኖርስ መልሳችን ትክክል ነበር? ካልኩሌተሩስ ስለ 125 ለምን ምንም አላለንም?

መልስ 1፦ የሒሳብ መምህር

ጥያቄዎ በየዓመቱ በክፍሌ ውስጥ የሚነሳ ነው። አስቀድሜ ስለ ስሞቹ ጥቂት ልበል። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ለጆሮ ስለሚመሳሰሉ ተማሪዎች ይቀያይሯቸዋል፤ ስለዚህ እኔ አንደኛውን «የ90 ማሟያ»፣ ሌላውን «የ180 ማሟያ» እያልኩ አስተምራለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ስም ጉዳዩ ከገባቸው በኋላ ይይዙታል።

የ90 ማሟያ የሚኖረው በማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ውስጥ ነው። የሦስቱ ዘዌዎች ድምር 180 ስለሆነ፣ አንደኛው ብቻውን 90 ከወሰደ ለቀሩት ሁለቱ የሚተርፋቸው 90 ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜም አንዱ የሌላው ማሟያ ናቸው። አሁን ወንድምዎ ከሁለቱ ሹል (ከ90 ያነሱ) ዘዌዎች በአንዱ ላይ ቆሞ ጎኖቹን ይመልከት። ለእሱ ፊት ለፊት የሆነው ጎን፣ በሌላው ዘዌ ላይ ለቆመ ሰው አጠገቡ ያለ ጎን ነው። ሳይን ፊት ለፊት ያለው ጎን ለሀይፖተነሱ (ከ90 ዲግሪው ዘዌ ፊት ለፊት ላለው ረጅሙ ጎን) ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር፣ ኮሳይን ደግሞ አጠገብ ያለው ጎን ለሀይፖተነሱ ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ስለሆነ፣ የ35 ሳይን እና የ55 ኮሳይን አንድ ዓይነት ጎን ለአንድ ዓይነት ሀይፖተነስ ከማካፈል የተገኙ ናቸው። እናቱ ቤት በአንድ ስም፣ አያቱ ቤት በሌላ ስም እንደሚጠራ ልጅ ማለት ነው፤ ልጁ አንድ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «ይለወጣል» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል፤ የተለወጠው የቆምንበት ቦታ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

በኮሳይን ስም መጀመሪያ ላይ ያለው «ኮ» የመጣውም ከዚሁ ማሟያ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጋንተር እ.ኤ.አ. በ1620 ባሳተመው ሠንጠረዥ ላይ «የማሟያው ሳይን» የሚለውን ረጅም አጠራር አሳጥሮ ነው በዚህ መልክ የጻፈው። ታንጀንት ፊት ለፊት ያለው ጎን አጠገብ ላለው ጎን ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ሲሆን፣ ኮታንጀንትም የማሟያው ታንጀንት ነው። ሳይን የሚለው ቃል ደግሞ ከሳንስክሪት ወደ ዐረብኛ ሲሻገር «ጀይብ» ተብሎ ተነበበና ላቲኖች የልብስ ጉያ ብለው ተረጎሙት፤ ከሒሳቡ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ተማሪዎቼን ግን ስለሚያስቃቸው ሳልነግራቸው አላልፍም።

የ180 ማሟያ ሌላ ጉዳይ ነው። 125 ዲግሪ በማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ውስጥ ሊገባ ስለማይችል፣ «ፊት ለፊት ያለው ጎን» የሚለው ትርጉም እዚህ ላይ ያበቃል። ስለዚህ የአንድ ሜትር ዘንግ አስቡ፤ አንደኛው ጫፉ መሬት ላይ በችንካር ተይዟል፤ ሌላውን ጫፍ ከቀኝ በኩል እያነሳችሁ ወደ ግራ ታዞራላችሁ። የጫፉ ከፍታ ሳይን ነው፤ ጫፉ ከችንካሩ ወደ ቀኝ የራቀው ርቀት ደግሞ ኮሳይን ነው፤ ወደ ግራ ካለፈ ኔጌቲቭ ይሆናል። ዘንጉ 60 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከፍታው 87 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የጎን ርቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ አልፎ 120 ላይ ሲደርስ ከፍታው ያው 87 ነው፤ የጎን ርቀቱም ያው 50 ነው፤ ነገር ግን አሁን በግራ በኩል ነው። የደብተሩ ሁለተኛ መስመር የሚለው ይህንኑ ነው።

ወረቀት ማጠፍ ለሚወድ ልጅ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ክቡን በወረቀት ላይ ሥሎ ወረቀቱን በቆመው መስመር ላይ ቢያጥፈው፣ እያንዳንዱ ዘዌ በ180 ማሟያው ላይ ያርፋል። በ45 ዲግሪው መስመር ላይ ቢያጥፈው ግን በ90 ማሟያው ላይ ያርፋል፤ አግድሙና ቁመቱም ቦታ ይለዋወጣሉ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ካልኩሌተሩን የጠየቃችሁት «ከፍታው 0.8194 የሆነ ዘንግ ስንት ዲግሪ ላይ ነው?» ብላችሁ ነው። እንዲህ ዓይነት ዘንግ በቀኝም በግራም አለ፦ አንዱ 55.02 ላይ፣ ሌላው 124.98 ላይ። ካልኩሌተሩ አንድ መልስ ብቻ እንዲሰጥ ስለተሠራ ከሳይን ተነስቶ ዘዌ ሲፈልግ ሁልጊዜ ከኔጌቲቭ 90 እስከ 90 ያለውን ብቻ ይመርጣል። የ180 ማሟያውን መፈለግ የሠሪው ፈንታ ነው።

ሦስተኛው ዘዌ 90 ነው የሚለው ግን በሁለቱም መንገድ ስህተት ነው፤ 35 እና 55.02 ሲደመሩ 90.02 ይሆናሉና ሦስተኛው 89.98 ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሰው የመረጣቸው ቁጥሮች ለማሳሳት የተመቹ ናቸው፤ የ35 ዲግሪ ታንጀንት 0.7002 ስለሆነ፣ 7 እና 10 የተባሉት ጎኖች ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ለመሥራት በጣም ጥቂት ነው የቀራቸው። ወንድምዎን አይቆጡት፤ ያየው ነገር በእርግጥ አለ፣ ግን እኩልነት ሳይሆን መቀራረብ ነው።

መልስ 2፦ ቀያሽ

መምህሩ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ በመሬት ቅየሳ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው በመሆኔ የ90 ማሟያ በየቀኑ እንዴት እንደሚገጥመኝ ልጨምር። ቶታል ስቴሽን የሚባለው መሣሪያ ቁልቁለትንና ዳገትን ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ዘዌውን የሚጀምረው ከአድማስ ሳይሆን በቀጥታ ከራስ በላይ ካለው ሰማይ ነው። መስተዋቱ ላይ አነጣጥሬ 84 ዲግሪ ካነበብኩ፣ ዳገቱ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ነው ማለት ነው። የተለካው ሰያፍ ርቀት 120 ሜትር ከሆነ፣ ከትምህርት ቤት በመጣው ልማድ አግድም ርቀቱን ለማግኘት በኮሳይን 84 ያባዛ ሰው 12.54 ሜትር ያገኛል፤ ይህ ግን የከፍታው ልዩነት ነው። አግድሙ የሚገኘው በሳይን 84 ሲሆን 119.34 ሜትር ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይህንኑ ገልብጬ አስልቼ አንድ ሙሉ ቀን የተለካ ነጥብ እንደገና ለማስላት ተገድጃለሁ።

ለወንድምዎ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሙከራም አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትደርሰው የ9ን የ90 ማሟያ፣ ማለትም 81 ዲግሪ ነው። በዚያን ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር የ9 ዲግሪ ታንጀንት ነው፤ የ81 ኮታንጀንት ቢሉትም ያው ነው። 6 ሰዓት ላይ ለክቶ እንዳይሳሳት፤ ሰዓታችን ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ መስመር ስለተቀመጠ ፀሐይዋ ትዘገያለች።

መልስ 3፦ ተማሪ ነኝ

እኛ የተማርነው ሳይን ሕግ በመጣ ቁጥር ሁለቱንም መልስ፣ ማለትም ካልኩሌተሩ የሰጠውንና የ180 ማሟያውን፣ አብረን እንድንጽፍ ነው። ስለዚህ ሐረጉ ባይኖር መልሱ «55.02 ወይም 124.98» ይሆናል።

በዚያው አንድ ነገር ልጠይቅ። የሳይን (2x + 10) እና የኮሳይን (x + 20) እኩል ናቸው ሲባል፣ ዘዌዎቹን ደምሬ 90 በማድረግ x = 20 አገኘሁ። ሳይን 50 እና ኮሳይን 40 እኩል ስለሆኑ ትክክል ይመስለኛል። ሌላ መልስ ይኖረዋል?

መልስ 4፦ የሒሳብ መምህር

ለዚህ ጥያቄ ሁለቱንም መጻፍዎ ትክክል ነው፤ «በመጣ ቁጥር» የሚለውን ግን አልቀበለውም። ዘዌ ሀ 35 ሆኖ ፊት ለፊቱ ያለው ጎን 7 መሆኑ ቀርቶ 12 ቢሆን፣ ካልኩሌተሩ 28.55 ይሰጣል፤ የ180 ማሟያው 151.45 ነው። ይህን ከ35 ጋር ስንደምረው 186.45 ስለሚሆን እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም፤ መልሱም አንድ ብቻ ነው። ማሟያውን መፈለግ ግዴታ ነው፤ መቀበል ግን ድምሩ ከታየ በኋላ ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፦ ሁለቱም ዘዌዎች ሹል ከሆኑ x = 20 ብቻ ነው። ገደቡ ከተነሳ ግን ሌላ መንገድ ይከፈታል። ኮሳይን (x + 20) የማሟያው ሳይን፣ ማለትም ሳይን (70 − x) ነው፤ ሁለት ሳይኖች እኩል የሚሆኑት ደግሞ ዘዌዎቹ እኩል ሲሆኑ ወይም አንዱ የሌላው የ180 ማሟያ ሲሆን ነው። በሁለተኛው መንገድ 2x + 10 = 180 − (70 − x) ብለን x = 100 እናገኛለን። ሳይን 210 እና ኮሳይን 120 ሁለቱም −0.5 ናቸውና ይሠራል። ከዚህ ሌላ ክቡን ሙሉ እየዞሩ የሚገኙ መልሶችም አሉ፤ እነሱን ግን ፈታኙ ካልጠየቀ አይድከሙባቸው።

ምላሽ፦ ታላቅ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ጎነ ሦስቱን በኮምፓስ ሠራነው። ወንድሜ አግድም መስመር አስምሮ በግራ ጫፉ ላይ ሀን አስቀመጠ፤ በ35 ዲግሪ ሰያፍ መስመር አውጥቶ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሐን ምልክት አደረገ። ከዚያም ኮምፓሱን 7 ሴንቲ ሜትር ከፍቶ ከሐ ላይ ሲያዞረው እርሳሱ አግድሙን መስመር ሁለት ቦታ ላይ ቆረጠው፦ አንዱ ከሀ 4.2 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 12.2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ። ሁለቱ ነጥቦች ከሐ እኩል ስለሚርቁ በመካከላቸው የተሠራው ጎነ ሦስት ሁለት እኩል ዘዌዎች፣ 55 እና 55 አሉት፤ ለሀ ከሚቀርበው ነጥብ በስተ ግራ የቀረው ዘዌ ደግሞ በዚያው ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስለሆነ 55ን ወደ 180 የሚሞላው 125 ነው።

ላለመሳሳት በኮሳይን ሕግም ሞከርነው። ሦስተኛውን ጎን 4.18 አድርገን የ7 እና የ4.18 ካሬዎችን ደምረን 100 ቀነስን፤ ለ2 × 7 × 4.18 ስናካፍለው −0.573 መጣ። ካልኩሌተሩ በዚህ ጊዜ ሳይጠየቅ 125 አለን። ወንድሜ «ለምን አሁን ተናገረ?» ብሎ ጥቂት ካሰበ በኋላ ዘንጉን ሥሎ ኔጌቲቩ በግራ በኩል መሆኑን በጣቱ አሳየኝ።