ፒኤች 3 እና ፒኤች 5 ሲቀላቀሉ ለምን 4 አይሆንም?

የማታው ተማሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቀን ጎሚስታ ቤት እሰራለሁ፣ ማታ 11ኛ ክፍል እማራለሁ። ትምህርት ካቋረጥኩ 9 ዓመት ሆኖኝ ነው የተመለስኩት፤ ሎጋሪዝም ላይ ዝጌያለሁ፣ አትፍረዱብኝ። ማክሰኞ የኬሚስትሪ ቴስት ነበረን። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ) 3 የሆነ 100 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 5 ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር ጋር ቢቀላቀል ፒኤቹ ስንት ይሆናል ይላል። ደምሬ ለ2 አካፈልኩ፣ 4። እኩል በእኩል ነው የተቀላቀሉት አይደል? ወረቀቱ ሲመለስ እስኪቀደድ ድረስ ኤክስ ተደርጎበታል። ከጎኑ “3.3” ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለም። ልጠይቅ ስል ደወል ተደወለ። ካልኩሌተር አይፈቀድልንም፤ ታዲያ ይሄ 3.3 ከየት መጣ?

ላብ ኮት፦
ፒኤች አይደመርም ወንድሜ። የሚደመረው ውስጡ ያለው ሃይድሮጂን አዮን ነው። ፒኤች 3 ማለት በሊትር 10⁻³ ሞል፣ ፒኤች 5 ማለት 10⁻⁵ ሞል። ቁጥሩ በ2 ቢለያይም አዮኑ 100 እጥፍ ነው የሚበልጠው።

በብር እንየው። አንተ ኪስ 1000 ብር አለ፣ እኔ ጋ 10 ብር። ደባልቀን እኩል ብንካፈል ለየራሳችን 505 ይደርሰናል። አንተ ግን “1000 ሦስት ዜሮ፣ 10 አንድ ዜሮ፣ አማካዩ ሁለት ዜሮ” ብለህ መቶ መቶ ብር አከፋፈልከን። ቀሪው 810 ብር የት ገባ?

ስለዚህ ድብልቁ 5.05×10⁻⁴ ነው፣ 5×10⁻⁴ ገደማ በለው። ሎግ 2 0.301 መሆኑን ብቻ በቃልህ ያዝ። እሱን ከ1 ስትቀንስ ሎግ 5 0.699 ይሆናል። 4 ሲቀነስ 0.699፣ 3.301። አለቀ፣ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

የማታው ተማሪ፦
810 ብሩ ገደለኝ 😂 በ2 እና በ6 ሞከርኩት፣ 2.3 መጣ። በ1 እና በ4፣ 1.3። ሁሌም 0.3 ነው እንዴ የሚጨምረው?

ላብ ኮት፦
ጎበዝ! መጠናቸው እኩል ሆኖ ፒኤቻቸው በጣም ከተራራቀ፣ አዎ። 0.3ዋ ሎግ 2 ናት። ቀጭኑ አሲድ ውስጥ ያለው አዮን ከቁጥር አይገባም፤ ስራው ወፍራሙን ማቅጠን ብቻ ነው። ፒኤች 3ቱን በዚያው ልክ ንጹህ ውሃ ብታቀጥነውም 3.3 ነው የምታገኘው። ተቀራራቢ ከሆኑ ግን እንዳትሸወድ። 3 እና 3.5 ሲቀላቀሉ 3.18 ነው የሚሰጡት።

አፈር መርማሪ፦
ጣልቃ ልግባ። ስራዬ የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ይሄን ስሌት አፈር ላይ እንዳትሞክሩት። ሸክላማና አሸዋማ አፈር ሁለቱም ፒኤች 5 ቢያነቡ እንኳ የሚፈልጉት ኖራ አንድ አይደለም፤ ሸክላማው አሲዱን ይዞ ይደብቃል። ጀማሪ ሳለሁ የሁለት ማሳ ንባብ በሎግ አስልቼ፣ ኮራ ብዬ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን ሳያይ “አፈሩን ቀላቅለህ ለካው” አለኝ።

የማታው ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ ኤክስ ደግሞ ቀርቶኛል። 10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 8 ነው ብያለሁ።

ላብ ኮት፦
ከ7 በላይ እኮ ቤዝ ነው፤ ውሃ ላይ አሲድ ጠብ አድርገህ ቤዝ አወጣህ? ውሃው ራሱ ያለውን 10⁻⁷ ሃይድሮጂን አዮን ረስተኸው ነው። መልሱ 6.98 ነው። እንዴት እንደመጣ ነገ እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ባትሪዬ 2 በመቶ ነው።