ልጄ ሁለት ዓመት አለፋት፣ እኩዮቿን ግን አልደረሰችም

እህቶቼ፣ ከጅማ ነኝ፣ ቆጪ አካባቢ። ልጄ ዘጠኝ ወሯን ሞልታ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ሆና ተወለደች። እርግዝናው ላይ ደም ግፊት ነበረብኝ፤ በእንግዴ ልጁ በኩል በቂ ምግብ ስላልደረሳት ማህፀን ውስጥ እድገቷ ተገታ ነው ያሉኝ። (ያለ ቀኗ የተወለደች ለሚመስላቸው ማስረዳት ሰልችቶኛል።)

አሁን 2 ዓመት ከ2 ወሯ ነው፤ 8.6 ኪሎ፣ 78 ሴንቲ ሜትር። ትሮጣለች፣ ወሬዋ አያልቅም፣ ልብሷ ግን የ1 ዓመት ልጅ ነው። እንዲህ የተወለዱ አብዛኞቹ እስከ 2 ዓመታቸው እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ ተብዬ ቀን ስቆጥር ነበር።

ምግቡማ ጦርነት ነው። ገንፎ በቅቤ፣ እንቁላል፣ አቮካዶ... ሦስት ማንኪያ ቀምሳ አፏን ትገጥማለች። አማቴ «ያዝ አድርገሽ አጉርሻት» ይሉኛል። አንድ ቀን ሞከርኩት፤ አስመለሳት፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ በጥድፊያ ከወፈረ ኋላ ለስኳርና ለደም ግፊት ይጋለጣል ይባላል።

ከ2 ዓመት በኋላ የደረሰላችሁ አለ? የሆርሞን ሐኪም ጋ የወሰዳችሁስ፣ በስንት ዓመቱ ነው? አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?